ሉሚያ 520 አሁን ይገዛል ወይ? ከደሴ ሞባይል ሰሪ

መልሱን ላስቀድመው፤ አይገዛም።

ሰሞኑን ያገለገሉ ሉሚያዎች፣ ማለትም የኖኪያ የዊንዶውስ ስልኮች፣ ደሴ ውስጥ እንደገና ብቅ ብቅ እያሉ ነው። ከየቤቱ መሳቢያ ይወጣሉ። ከቨራቸው ይቀየራል፣ ስክሪናቸው ይወለወላል፣ ከዚያ «ኦርጅናል ኖኪያ» ተብለው ይሸጣሉ። ኦርጅናል መሆናቸው እውነት ነው፤ ሻጩ አልዋሸም። ግን ሰው ገዝቶ በማግስቱ እኔ ሱቅ ይመጣና «እህቴ፣ ቴሌግራም ጫኝልኝ» ይላል። የምጭንበት መንገድ የለም። በየቀኑ ይህንኑ ከማስረዳ አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው።

ፒያሳ አካባቢ ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሞባይል እሰራለሁ። ሥራውን የለመድኩት ደሴ ውስጥ «ሞባይል» ማለት ለብዙ ሰው ኖኪያ ማለት በነበረበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ስለ ሉሚያ ክፉ ስናገር ጠልቼው አይደለም። በነገራችን ላይ ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የእኛውን ስጽፍ እናገራለሁ።

በመጀመሪያ የሚመሰገንበትን እንመስክርለት። 520 በፌብሩዋሪ 2013 ባርሴሎና ላይ ነው የተዋወቀው። በርካሽ እንዲሸጥ የተሠራ ስልክ ነው። 4 ኢንች ስክሪን፣ 512 ሜጋባይት ራም፣ 8 ጊጋ ማስቀመጫ፣ እስከ 64 ጊጋ የሚቀበል የሚሞሪ ቦታ፣ 5 ሜጋፒክስል ካሜራ። ወረቀት ላይ ስታዩት ምንም አይደለም። እጅ ላይ ግን ሌላ ነው። በዚያው ዋጋ ይሸጡ የነበሩ አንድሮይዶች ነክታችኋቸው መልስ እስኪሰጡ ድረስ አንድ ስኒ ቡና ይጠጣል። ይሄኛው በዚያች ትንሽ ራም ውልብ ይል ነበር። ዊንዶውስ ፎን፣ ስልኩ የሚሠራበት የማይክሮሶፍት ሲስተም፣ ቀላል ነበር። ይህን የሚክድ ሰው ስልኩን አልያዘውም ማለት ነው።

ለእኛ ለሰሪዎች ደግሞ ደግ ስልክ ነው። ከቨሩ በጥፍር ይወጣል። ሲወጣ ጎኖቹን ጭምር ይዞ ስለሚወጣ፣ የተፋፋቀ ስልክ ከቨር ቀይረህ አዲስ ታደርገዋለህ። ቢጫ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ፣ ጥቁር ነበረው። ታቹ፣ ማለትም በጣት የምንነካው መስታወት፣ ከኤልሲዲው ስለሚለይ፣ መስታወቱ ብቻ ከተሰነጠቀ መስታወቱን ብቻ ነው የምትቀይረው። ዛሬ ታችና ስክሪን አንድ ላይ ከተጣበቁ ስልኮች ጋር ስታገል ይሄ ይናፍቀኛል።

አንድ ሌላ ነገር፤ ታቹ በጓንት ይሠራል። ደሴ ጠዋት እንዴት እንደሚበርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። የጦሳ ተራራ ጭጋግ ለብሶ፣ ሰው ሁሉ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ስቦ። አንድ ባጃጅ ነጂ ደንበኛ ነበረኝ፤ ጓንቱን ሳያወልቅ ስልክ እያነሳ ጓደኞቹን ያስቀና ነበር። ያንን በዚያን ጊዜ ውድ ስልኮችም ሁሉ አይችሉትም።

አሁን ባትሪውን እንክፈተው። ብዙ ነገር የሚናገረው እሱ ነው።

520 ውስጥ ያለው ባትሪ ቢኤል-5ጄ ይባላል። 1430 ሚሊአምፒር ነው። ይሄው ዓይነት ባትሪ በ2008 በወጣው ኖኪያ 5800 ኤክስፕረስ ሚውዚክ ውስጥ አለ፣ 5230 ውስጥ አለ፣ ኤን900 ውስጥ አለ። 5800 እና 5230 በሲምቢያን፣ በድሮው የኖኪያ ሲስተም፣ የሚሠሩ ናቸው። ኤን900 በማኤሞ። ሉሚያ በዊንዶውስ። ኩባንያው ሦስት ሲስተም ቀያይሮ ባትሪውን አልቀየረም። ኮምቦልቻ ያለ የሙያ ጓደኛዬ እስከ ዛሬ 5800 ይዟል። መንዙማ ያዳምጥበታል፣ ለሱብሂ ይቀሰቅሰዋል። ባትሪ ሲደክምበት የሀረጎን ዳገት ወጥቶ ይመጣና ከሞቱ ሉሚያዎች ውስጥ ደህናውን መርጦ ይወስዳል።

የድሮው ኖኪያ እንዲህ ነበር። ከዚያ በፊት ደግሞ ቢኤል-5ሲ ነበር፤ የ1100፣ የ6600፣ የኤን70 ባትሪ። አሁንም ሰኞ ገበያ በሚሸጡት ትንንሽ የቻይና ሬዲዮኖች ውስጥ የሚገባው እሱ ነው። ቻርጀሩም «ወፍራሙ» እና «ቀጭኑ» ተብሎ ሁለት ብቻ ነበር። እንግዳ ቤት ሄደህ «ቀጭኑን የኖኪያ ቻርጀር አላችሁ?» ብትል የማያጣ ቤት አልነበረም። ስልክህ የአንተ ብቻ አልነበረም፤ የጎረቤቱም ዕቃ ይገባለታል፣ የአንተም ለጎረቤት ይገባል።

ሶፍትዌሩም እንደዚያው ነበር። የእኔ ነጥብ እዚህ ላይ ነው።

በሲምቢያን ዘመን ደሴ ውስጥ ኢንተርኔት የሚባል ነገር ለብዙ ሰው ወሬ ነበር። ስልክ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ከሰው የመጣ ነው። መንዙማ በብሉቱዝ፣ መዝሙር በብሉቱዝ፣ የሰርግ ቪዲዮ በብሉቱዝ። ሙጋድ ላይ ታክሲ እስኪሞላ ድረስ ሁለት የማይተዋወቁ ልጆች ስልካቸውን አጠጋግተው ዘፈን ይለዋወጡ ነበር። የብሉቱዙ ስም ራሱ ጨዋታ ነው፤ «የወሎ ልጅ»፣ «አትንኩኝ»፣ «ብር ያለው ይደውል»። አፑም ይተላለፋል። ሲስ የሚባለውን ፋይል ከጓደኛ ተቀብለህ ትጭናለህ። «ሰርተፊኬቱ አልፏል» ካለህ የስልኩን ቀን ወደ ኋላ መልሰህ ትጭናለህ። ይህን ዘዴ የማያውቅ የኤን70 ባለቤት አልነበረም። ብሉቱዝ ለሌለው ደግሞ እኛ አለን፤ ሚሞሪውን ይሰጠናል፣ ሞልተን እንመልስለታለን።

ቫይረሱም አብሮ ይተላለፍ ነበር እንጂ። በ2004 የወጣው ካቢር በብሉቱዝ ነው የሚሄደው። የሚገርመው፣ «ልቀበል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ሰው ደግሞ ነፃ ነገር መስሎት «የስ» ይላል። በዓመቱ ደግሞ ኮምዎሪየር መጣ። እሱ በብሉቱዝም በኤምኤምኤስም ይሄዳል።

አማርኛ ማንበብም ዘዴ ነበረው። አማርኛ ገጽ ሲከፈት አራት ማዕዘን ሳጥን ብቻ ነው የሚመጣው። ኦፔራ ሚኒ በሚባለው የኢንተርኔት መክፈቻ ላይ ግን ኮንፊግ የሚባለው ማስተካከያ ውስጥ ገብተህ ፊደሉን እንደ ሥዕል አድርጎ እንዲያመጣ ታዘዋለህ። ከዚያ ይነበባል። ይህንን ለስንቱ ሰው እንዳስተካከልኩ! ኦፔራ ሚኒ ገጹን ጨምቆ ስለሚያመጣ ካርድም አይበላም።

እንግዲህ ሲስተሙ ሲቀየር የሆነውን ተመልከቱ። የመጀመሪያዎቹ ሉሚያዎች፣ 800 እና 710፣ በኦክቶበር 2011 ለንደን ላይ ታወቁ። ውብ ስልኮች ናቸው፤ በተለይ 800። ግን ፋይል በብሉቱዝ አይልኩም፤ አይቀበሉም። የሚሞሪ ቦታ የላቸውም። ዘፈን ለመጫን ኮምፒውተር ላይ ዙን የሚባል ፕሮግራም ያስፈልጋል። ደሴ ላይ ያኔ ስንት ቤት ኮምፒውተር ነበረ? ውድ ስልክ የያዘ ልጅ ታክሲ ተራ ላይ ቆሞ፣ መብራት ያለው ርካሽ ቀፎ የያዘ ጓደኛው የላከለትን ዘፈን መቀበል አቃተው። ሲያፍር አይቻለሁ።

ዊንዶውስ ፎን 8 ሲመጣ ይህ ተስተካከለ። 520 በብሉቱዝ ይልካል፣ ይቀበላል፣ ሚሞሪ ይወስዳል። ግን እስከዚያው ሰው ወደ አንድሮይድ ሄዷል። አንድሮይድ ላይ ደግሞ አፑ ራሱ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። በዛፕያ፣ በዜንደር፣ ያለ ኢንተርኔት። አንዱ ልጅ በዋይፋይ ያወርደዋል፣ ሰፈሩ ሁሉ ይካፈለዋል። ባለ ሉሚያው ያንን ኤፒኬ፣ የአንድሮይዱን አፕ ፋይል፣ ተቀብሎ ምን ያደርገዋል? የእሱ አፕ ከማይክሮሶፍት ስቶር ነው የሚመጣው። ለስቶር አካውንት ያስፈልጋል፣ ኢንተርኔት ያስፈልጋል። ስቶሩ ውስጥ ሲገባ ደግሞ የሚፈልገው የለም። ኢንስታግራም የመጣው በ2013 መጨረሻ ላይ ነው። ማይክሮሶፍት ራሱ የሠራውን የዩቲዩብ አፕ ጉግል በዚያው ዓመት ዘጋበት። ኦፔራ ሚኒ፣ የእኛ ኦፔራ ሚኒ፣ ለሙከራ የመጣው በሴፕቴምበር 2014 ነው። ሲምቢያን ላይ ለዓመታት የነበረ ነገር ነው እኮ።

ከስልኩ የጎደሉ ሁለት ነገሮች ደግሞ አሉ። የመጀመሪያው ፍላሽ ነው። 520 ፍላሽ የለውም፤ ስለዚህ መብራት የለውም። ይህ ለሌላ ኩባንያ ቢሆን አይገርመኝም ነበር። በ2003 ኖኪያ 1100ን ሲያወጣ አናቱ ላይ መብራት አድርጎለት ነው፤ ያ ስልክ ከ250 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። እዚህ አገር መብራት ሲጠፋ ሰው መጀመሪያ የሚዳብሰው ስልኩን ነው። በእኛ አቆጣጠር በ2014 መኸር ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ኔትወርኩም መብራቱም ጠፍቶ ነበር። ያኔ ስልክ ማለት መብራት ማለት ብቻ ነበር። ባትሪው ቀናት የሚቆይ አሮጌ ኖኪያ የነበረው ሰው ከሁላችንም ይሻል ነበር። በዚያ ጊዜ 520 ይዞ የነበረ ሰው በስክሪኑ ብርሃን ነው ግድግዳ ሲዳብስ የነበረው።

ሁለተኛው የፊት ካሜራ ነው። 520 የፊት ካሜራ የለውም።

ይህ ለወሎ ቀላል ነገር አይደለም። ከእያንዳንዱ ቤት አንድ ሰው አረብ አገር አለ። በ2013 መጨረሻ ሳውዲ ሰው በገፍ ስትመልስ፣ ብዙ ልጆች ሻንጣቸው ውስጥ ሉሚያ ይዘው ነው የመጡት። እኔ 520ን በብዛት ያየሁት ያኔ ነው። የተመለሰችው ልጅ ስልኩን ለእናቷ ትሰጣለች፤ እህቷ ደግሞ እዚያው ጅዳ ቀርታለች። አንዲት እናት ከሮቢት መጡ። ስካይፕ ጫንኩላቸው። ልጅቷ ደወለች፣ ስክሪኑ ላይ መጣች። እናት አለቀሱ። ከዚያ ልጅቷ «እማ፣ አንቺን አሳዪኝ» አለች።

«እኔን እንዴት ነው የማሳያት ልጄ?» አሉኝ።

«ስልኩን ያዙሩት እማማ፤ በጀርባው በኩል ነው የሚያየው። አብሽሩ፣ ታይዎታለች።»

አዞሩት። ልጅቷ አየቻቸው፣ ጮኸች በደስታ። እናት ግን አሁን የሚያዩት የእኔን ቢጫ ግድግዳ ነው። መለሱት፤ ልጃቸውን አዩ፣ ልጅቷ ደግሞ ጣሪያውን አየች። «እኔ ሳያት አታየኝም፣ ስታየኝ አላያትም። የምን ዕቃ ነው ይሄ ወዲያ!» አሉ። እኔ ልይዝላቸው ሞከርኩ፣ መስታወት ፊት ለፊት አስቀመጥኩ፤ በመጨረሻ በድምፅ ብቻ አወሩ። በሚቀጥለው ሲመጡ የፊት ካሜራ ያለው ቴክኖ ይዘው ነው። ልጅቷ ብር ልካላቸው።

ቴክኖን ካነሳን አይቀር፤ ደሴ ላይ ኖኪያን የተካው አይፎን አይደለም፣ ሳምሰንግም ብቻውን አይደለም። የቴክኖ እናት ድርጅት ትራንሽን ከ2011 ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ ስልክ ይገጣጥማል። ሁለት ሲም ይወስዳሉ፣ አማርኛ ይጻፍባቸዋል፣ ሰው የሚፈልገው ሁሉ አለ። ጥራታቸውን ከኖኪያ ጋር አላወዳድርም። ግን አምራቹ ገዢው ማን እንደሆነ ጠይቋል።

አሁን ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ጥያቄ አለ። ኖኪያ ያህል ኩባንያ እንዴት እንዲህ ይሆናል?

ነገሩ በ2010 ይጀምራል። በዚያ ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ኖኪያ ስቲቨን ኢሎፕ የሚባል ካናዳዊ ሥራ አስኪያጅ አመጣ። ከማይክሮሶፍት ነው የመጣው። ኩባንያው ከፊንላንድ ውጭ የሆነ ሰው ሲሾም የመጀመሪያው ነው። በፌብሩዋሪ 2011 ለሠራተኞቹ ደብዳቤ ጻፈ። በባሕር ላይ የነዳጅ ማውጫ ላይ ቆሞ እሳት የያዘበትን ሰው ታሪክ አመጣና፣ እኛም እዚያ ነው የቆምነው፣ መዝለል አለብን አለ። ደብዳቤው ወዲያው ወጣ፤ ዓለም አነበበው። ፌብሩዋሪ 11 ለንደን ላይ ከማይክሮሶፍቱ ስቲቭ ባልመር ጋር ቆሞ፣ ከእንግዲህ ዋናው ስማርት ስልካችን በዊንዶውስ ፎን ነው የሚሠራው ብሎ አወጀ። በዚያን ቀን አክሲዮኑ 14 በመቶ ገደማ ወረደ።

ልብ በሉ፤ ያኔ አንድም ሉሚያ ገበያ ላይ የለም። የሚሸጠው ሲምቢያን ነው። እስከ ዓመቱ መጨረሻ የሚሸጠው ሲምቢያን ነው። እኔ ሱቄ ውስጥ የደረደርኩትን ዕቃ «ይሄ የሞተ ነው፣ ኅዳር ላይ ጥሩ ይመጣል» ብዬ ለደንበኛ ብነግር፣ እስከ ኅዳር የሱቅ ኪራይ ማን ይከፍልልኛል? ፒያሳ ላይ አንድም ነጋዴ ይህን አያደርግም።

ቁጥሩን እዩት። በ2010 የመጨረሻ ሩብ ዓመት ኖኪያ 28.3 ሚሊዮን ስማርት ስልክ ሸጧል። በ2011 በዚያው ወቅት 19.6 ሚሊዮን። በ2012 በዚያው ወቅት 6.6 ሚሊዮን፤ ከዚህ ውስጥ ሉሚያው 4.4 ሚሊዮን ነው። ከ1998 ጀምሮ በዓለም አንደኛ ስልክ ሻጭ የነበረው ኩባንያ በ2012 መጀመሪያ ላይ በሳምሰንግ ተቀደመ። በዓመቱ መጨረሻ ፊንላንድ፣ ኤስፖ ያለውን ዋና መሥሪያ ቤቱን ሕንፃ በ170 ሚሊዮን ዩሮ ሸጦ መልሶ ተከራየው።

በመሃል አንድ ጥፊ ጨመረ። በጁን 2012 ዊንዶውስ ፎን 8 ይመጣል ተባለ፤ ግን እስከዚያ የተሸጡት ሉሚያዎች ላይ አይገባም። በአሜሪካ በዚያው ዓመት በኤፕሪል በትልቅ ማስታወቂያ የወጣው ሉሚያ 900 እንኳ በሁለት ወሩ አሮጌ ሆነ። ባለ 800ዎቹም እንደዚያው። ዊንዶውስ ፎን 7.8 የምትባል ማጽናኛ ተሰጠቻቸው።

«ኢሎፕ ገደለው» የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። እኔ ግማሹን ነው የምቀበለው። ሲምቢያን ታሟል፤ ስንከፍተው እናየው ነበር። ኤን97 በ2009 ሲወጣ ያ ሁሉ ዋጋው ተይዞ፣ ሲስተሙ ያለበት ቦታ በትንሽ ነገር ሞልቶ ስልኩ ይዝል ነበር። የ5800 ታች በጥፍር ካልጫኑት አይሰማም። አይፎን በ2007 መጥቷል፣ አንድሮይድ በ2008፤ ኖኪያ ሲምቢያንን ሙሉ በሙሉ ለመግዛት የወሰነው ያኔው በ2008 ነው። እየሰመጠ ያለውን ዕቃ አጥብቆ መያዝ ማለት ነው። መቀየሩ ግድ ነበር። ያጠፋው የቀየረበት መንገድ ነው፤ አዲሱ ሳይደርስ አሮጌውን መቅበር፣ ከዚያ ደግሞ በሌላ ኩባንያ ሲስተም ላይ ሙሉ በሙሉ መንጠልጠል። ሳምሰንግ አንድሮይድም ዊንዶውስም ሠርቷል። የቱ እንደሚሸጥ አየ፤ በሚሸጠው ቀጠለ።

ቤት ውስጥም አማራጭ ነበራቸው። በጁን 2011 ኤን9 የሚባል ስልክ አስተዋወቁ፤ ሚጎ በሚባል በራሳቸው ሲስተም። አዝራር የሌለው፣ ከጎን በጣት ጠረግ ተደርጎ የሚዘጋ። ዛሬ ሁሉም ስልክ እንዲህ ነው። ግን ከመወለዱ በፊት የመጨረሻው ነው ተብሎ ነበር፤ በትላልቆቹ ገበያዎችም በቅጡ አልተሸጠም። የሉሚያ 800 ቅርፅ ከእሱ የተወሰደ ነው። አንድሮይድንም ሞክረዋል፤ በፌብሩዋሪ 2014 ኖኪያ ኤክስ ወጣ፣ የጉግል አገልግሎት የሌለበት አንድሮይድ። በአምስት ወሩ ቆመ።

ቀሪው ሂሳብ ነው። ማይክሮሶፍት በሴፕቴምበር 2013 የኖኪያን የስልክ ክፍል ከፓተንት ፈቃዱ ጋር በ5.44 ቢሊዮን ዩሮ ለመግዛት ተስማማ፤ በኤፕሪል 2014 ተረከበ። በጁላይ 2014 እስከ 18,000 ሰው እንደሚያሰናብት አስታወቀ፤ 12,500 ገደማው ከኖኪያ የመጣው ክፍል ነው። በዓመቱ 7.6 ቢሊዮን ዶላር እንደ ኪሳራ ከመዝገቡ ሰረዘ። ከገዛበት ዋጋ ጋር የሚቀራረብ ገንዘብ ማለት ነው። በ2016 ደግሞ ተራ ስልኮቹን በ350 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። ዛሬ ሱቅ ውስጥ የምታዩት አዳዲስ «ኖኪያ» ከዚያ በኋላ ኤችኤምዲ በሚባል ድርጅት የወጣ ነው። ኖኪያ ራሱ አልሞተም፤ የኔትወርክ ዕቃ ይሠራል። ስልኩ ነው የሄደው።

ወደ 520 እንመለስ። የዊንዶውስ ፎን 8.1 ድጋፍ በጁላይ 2017 አበቃ። ዊንዶውስ 10 ለ520 አልተፈቀደለትም፤ ራሙ አነሰው። ስቶሩ በዲሴምበር 2019 ተዘጋ። ዋትስአፕ በዚያው ወር መጨረሻ ላይ ቆመ። ስካይፕም በሜይ 2025 ለሁሉም ሰው ተዘግቷል። ስለዚህ ዛሬ 520 የሚገዛ ሰው የሚያገኘው መደወያ፣ መልእክት፣ ማንቂያ፣ ኤርፎን ሲሰካ የሚሠራ ኤፍኤም ሬዲዮ እና ዘፈን ማጫወቻ ነው። ለዚያ ለዚያ ከሆነ መብራት ያለውን ርካሽ ኖኪያ 105 ግዙ። ቢያንስ ባትሪው ይቆያል። ሲሙንም ማስቆረጥ የለባችሁም፤ 520 ማይክሮ ሲም ነው የሚወስደው።

ቤታችሁ ውስጥ አሮጌ 520 ካላችሁ ግን አትጣሉት። ፎቶ ይኖርበታል። በተራ የዩኤስቢ ገመድ ኮምፒውተር ላይ ስኩት፣ ፎቶና ቪዲዮው እንደ ፎልደር ይወጣል፣ ገልብጡት። ኮምፒውተር ከሌላችሁ ሚሞሪ አስገቡበት። ስልክ ቁጥሮቹ ናቸው የሚያስቸግሩት። ሉሚያ ከሲም ቁጥር ይወስዳል እንጂ ወደ ሲም አይመልስም። ቁጥሩ ያለው አካውንቱ ላይ ነው። አካውንቱን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የከፈተው ስልኩን የሸጠው ልጅ ነው፤ በፈጠረው ኢሜይል፣ ማንም በማያስታውሰው የይለፍ ቃል። ስለዚህ ደብተርና እስክሪብቶ ያዙ፣ አንድ በአንድ ጻፉ። ቀላሉ መንገድ እሱ ነው።

ስልኩ ዘገየ ብላችሁ «ፎርማት አርጊልኝ» እንዳትሉኝ። የድምፅ መቀነሻውንና ማብሪያውን አብሮ ተጭኖ፣ ቃለ አጋኖው ሲመጣ መጨመሪያ፣ መቀነሻ፣ ማብሪያ፣ መቀነሻ ብሎ መንካት ነው፤ ከባድ ሥራ አይደለም። ግን ሁሉም ይጠፋል፣ ስቶሩም ስለሌለ የጠፋው አፕ አይመለስም። ስክሪን ቁልፉን ፈጽሞ ለረሳ ሰው ብቻ ነው የማደርገው፤ እሱም ፎቶው እንደሚጠፋ ነግሬ፣ እሺ ካለኝ።

ባትሪው ካበጠ ደግሞ አትብሱት፣ ቻርጅ ላይም አታድርጉት። አውጥታችሁ አምጡልኝ። ከቨሩ ቢጫ ከሆነ እሱን እገዛችኋለሁ፤ ቢጫ የሚጠይቀኝ ሰው እስካሁን አለ፣ እኔ ጋ ግን ጥቁር ብቻ ነው የቀረኝ።